ቮልሳችን ቴፕ ያስገባች ጊዜ

ሴት ስትወልድ የምትጠየቀው ነገር የታወቀ ነው። «ወንድ ነው ሴት?» ይሏታል። «ማንን መሰለች?» ይሏታል። ገንፎውን በልቶ የሚሄደው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል እንጂ፣ «ለመሆኑ ልጅሽ ትተኛለች ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አይገኝም። የማይጠይቁት መልሱን ስለሚያውቁት ነው መሰለኝ። መልሱ በአደባባይ ቢነገር ኖሮ ሁለተኛ የሚወልድ ይጠፋ ነበር።

የኔዋ ትርንጎ አትተኛም። ስድስት ወር እስኪሞላት ድረስ እንቅልፍ የሚባለውን ነገር ያየሁት በጎረቤት ልጆች ላይ ነው። አጠባኋት፣ አዘልኳት፣ እሹሩሩ አልኳት፣ ጠበል አስረጨኋት። ጤና ጣቢያ ብወስዳት ነርሷ መዘነቻት፣ አገላበጠቻትና «እሷስ ምንም የላትም፤ አንቺ ግን ብትተኚ ጥሩ ነው» አለችኝ። ይቺም ምክር ሆና ካርድ ላይ ተጻፈች። እኔ ደግሞ ተፈጥሮዬ ስጋት ነው። ስታለቅስ ታመመች እላለሁ፤ ዝም ስትል ትተነፍስ ይሆን ብዬ ጣቴን አፍንጫዋ ሥር አስጠጋለሁ። በጣቴ ትነቃለች። እንግዲህ ማን ይወቀስ?

መድኃኒቷን ያገኘነው ቮልሳችን ውስጥ ነው።

ቮልሷን ለባለቤቴ ለይሁኔ የሰጡት ጡረታ የወጡት አጎቱ ናቸው። ከይሁኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ በወጉ ቢሆን አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር። ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት፤ ሲያዩዋት የምትስቅ የምትመስል፣ ስትነሳ ግን እንደ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ሳትስል የማትነሳ መኪና ናት። ከመሪው አጠገብ ሁለት ማዞሪያ ያለው አሮጌ ራዲዮ አላት። አጎቱ ቁልፉን ሲሰጡን «ራዲዮው ይሠራል፤ ወሬ ብቻ የለውም» ብለውናል። እውነታቸውን ነው። ወዲህ ቢያዞሩት ሽሽሽሽ፣ ወዲያ ቢያዞሩት ሽሽሽሽ ነው።

አንድ ቀን ከክትባት ስንመለስ ትርንጎ ጩኸቷን ለቀቀችው። መንገደኛው ሁሉ ሰርቀን የምንወስዳት መስሎት ዞሮ ዞሮ ያየናል። ይሁኔ ለቅሶዋን ላለመስማት ብሎ ያንን ራዲዮ ከፈተው። ሽሽሽሽ አለ። ትርንጎ ቀጥ አለች። አንድ የምታውቀው ሰው ከሩቅ የጠራት ይመስል አዳመጠች፣ ዓይኗ ቀስ ብሎ ከበደ፣ ተኛች። ጣቴን አስጠጋሁ። ትተነፍሳለች።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ግቢ ውስጥ የቆመችው ቮልስ ውስጥ ገብተን ራዲዮውን እንከፍታለን። ከኋላ ወንበር ጀርባ ባለችው ጉድጓድ ብርድ ልብስ አንጥፌ አስተኛታለሁ፤ እኔም አፌን ከፍቼ እከተላታለሁ። በቆመ መኪና ብዙ መንገድ የተጓዘ ሰው በደብረ ታቦር ቢፈለግ ከኔ ሌላ አይገኝም።

ምን ዋጋ አለው፤ በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። የይሁኔ ታናሽ ወንድም ለጥር ሊያገባ ሆነ፤ ለሙሽራ መኪና ደግሞ ቮልሷ ተመረጠች። ይህን የሰሙት ባጃጅ ነጂዎች አላስቀምጥ አሉት። የእነሱ ባጃጅ ከሩቁ ምድር ያንቀጠቅጣል፤ መብራቱም ከዘፈኑ ጋር ይጨፍራል። አንደኛው መስኮቷን አንኳኩቶ «ይሁኔ፣ ሙሽራዋን በሽንኩርት ቁሌት ድምፅ ነው የምታጅባት?» አለው። የራዲዮውን ሽሽታ መሆኑ ነው። ወንድ ልጅ በፈረስ ቢናቅ ይችለዋል፤ በባለ ሦስት እግር ሲናቅ ግን አይችለውም። በሳምንቱ ይሁኔ አዲስ ቴፕና እስፒከር ተሸክሞ መጣ። «የልጄ ጆሮስ?» ብለው «ቀስ አድርገን እንከፍተዋለን» አለኝ። ቀስ አድርጎ ሊከፍተው ይህን የሚያህል እስፒከር የሚሸከም ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሥራውን የያዙት ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ራዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ምጣድ ሳይቀር የሚጠግኑ ሰው ናቸው። ቮልሷን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሁለቴ ዞሯት። አዲሱ ቴፕ ሰፊ ስለሆነ በአሮጌው ራዲዮ ቀዳዳ አይገባም። ይሁኔ ብረቱን ቆርጠው እንዲያሰፉት ጠየቃቸው። ጋሽ እንድሪስ ብረቱን በመዳፋቸው ዳሰሱና «ልጄ፣ የሽማግሌ ፊት አይበጣም» አሉት። እንቢ አሉ። አሮጌው ራዲዮ ከነክብሩ በቦታው ተቀመጠ፤ ኤሌክትሪኩን ብቻ ወሰዱበት። አዲሱን ቴፕ እፊት ባለው መሳቢያ ውስጥ ደበቁት። እስፒከሮቹን በሩን በስተው እንደማስገባት፣ ከወንበሩ ሥር የሚገባ የእንጨት ሳጥን አናጢ አሠርተው እዚያ ቀበሯቸው። ገመዱን ከምንጣፉ በታች ሲያሳልፉት ቆሜ አየሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ነው የሚያዩት። ሥራው ሲያልቅ ቮልሷ ላይ አንድ አዲስ ቀዳዳ፣ አንድ የሚታይ ሽቦ የለም። ጠዋት እንደመጣችው ሆና ቆማለች። ሰው እንዲህ አድርጎ መሥራቱ ሳይሆን ሠርቶ አሻራውን ማጥፋቱ ገረመኝ።

ከዚያ ይሁኔ ያለ ገመድ ከስልኩ ማሲንቆ ከፈተ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ለዚህ የሚሆን ቃል አምስተኛ ክፍል ላይ ይሆናል የሚያስተምሩት። ማሲንቆው መኪናው ውስጥ የገባ አልመሰለኝም፤ እኛ ማሲንቆው ውስጥ የገባን መሰለኝ። ጭራው ከጭራ ሲፋተግ ይሰማል። ዘፋኙ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት ምራቁን ሲውጥ ሰማሁት። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ብድግ አለ፤ አማተብኩ። ጋሽ እንድሪስ ማሻ አላህ አሉ። መቼም ሁለታችንም የደነቀን ነገር አንድ ነው።

ትርንጎም ደነቃት። እንዲህ ያለ ነገር እያለ ማን ይተኛል ብላ ዓይኗን እንደ ብርሌ አፍጥጣ ቀረች።

በማግስቱ አልተኛችም። በሦስተኛው ቀንም አልተኛችም። ቀስ ያለ ዘፈን ብከፍት ትዘላለች፤ መዝሙር ብከፍት ታጨበጭባለች። አሮጌውን ራዲዮ ባዞረው ባዞረው ዝም። በአምስተኛው ቀን ጨው መስሎኝ ስኳር ወጥ ውስጥ ጨመርኩ፤ ይሁኔ ሳይናገር በላ። ሳይናገር መብላቱ ነው ያስፈራኝ። ልጄን አዝዬ ጋሽ እንድሪስ ሱቅ ሄድኩና ቴፑ እንዲነቀልልኝ ለመንኩ።

ጋሽ እንድሪስ ደንግጠው ምኑ እንደተበላሸ ጠየቁኝ።

«ምኑም አልተበላሸም ጋሽ እንድሪስ፤ ችግሩም እሱ ነው» አልኳቸው። «የተበላሸውን ይመልሱልኝ።»

ይህን ብዬ ለቅሶዬ መጣ። ገበያተኛው እያየኝ ቆሜ አለቀስኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር፤ ጋሽ እንድሪስ ግን ሰባት ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው፣ አልሳቁም። ነገሩን ከሥሩ አስነገሩኝ። ከዚያ ግቢያችን ድረስ ሄደው አሮጌውን ራዲዮ ከቮልሷ ፈተው አመጡና ጠረጴዛቸው ላይ ኤሌክትሪክ ሰጡት። ሽሽሽሽ አለ። ትርንጎ ጀርባዬ ላይ ስትላላ ተሰማኝ። ጋሽ እንድሪስ የሱቁን በር ዘጉ፤ ቻርጀር ሊያሠራ የመጣውን ሰው በጣታቸው ዝም አሰኙት፤ ያንን ሽሽታ አንድ ሰዓት ሙሉ በስልካቸው ቀዱት። ስልኩን ከሩቅ ጀምረው እያስጠጉ ስለቀዱት ሲጀምር ካፊያ ነው፤ እየቆየ ዶፍ ይሆናል። ፍላሽ ላይ ጭነው ሰጡኝ፤ ራዲዮውንም ወደ ቦታው መለሱት።

እንግዲህ በደብረ ታቦር ከተማ አንደኛ የተባለው ቴፕ፣ የተበላሸ ራዲዮ ድምፅ አንዲት ሽሽታ ሳያጎድል ያሰማ ጀመር። ትርንጎ ተኛች። እኔም ተኛሁ። ይሁኔ ብቻ አኩርፎ ለሁለት ቀን ቮልሷ አጠገብ አልደረሰም።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ገጠር፣ ገሳይ ሄድን፤ የይሁኔ አባት ገብስ የሚወቁበት ጊዜ ነው። አማቴን አባባ ነው የምላቸው። አውድማቸው ከቤታቸው ከፍ ብሎ ነው፤ ከፊሉ ገብስ ተመርቶ መሐል ላይ ተከምሯል፣ ከፊሉን በሬዎቹ ይሄዱበታል። የዓመት ልፋት ሜዳ ላይ ተኝቷል። ያልተኛችው ትርንጎ ብቻ ናት።

ይሁኔ መጀመሪያ ቴፑን ለዘመድ ማሳየት ነበረበት። ማሲንቆውን እስከ ጥጉ ከፈተው። ሰው ከየአቅጣጫው ተሰበሰበ፤ ዘፋኙን ፍለጋ ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብሎ ያየም አለ። አባባ ግን ከአውድማው ሳይወርዱ በሬዎቹ ጆሯቸውን አቁመው ስለቀሩ እንዲዘጋላቸው ላኩበት። ዘጋው። ድምፁን ግን ከጥጉ ሳያወርድ ነው የዘጋው። ያን እኔ በምን አውቄ?

ትርንጎን ቮልሷ ውስጥ አስተኛሁና ፍላሹን ከፈትኩ። ካፊያው ይሰማል፤ ልክ ነው አልኩ። ብታለቅስ እንድሰማት የመኪናዋን በር ክፍት ትቼ፣ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ የሽንት ጨርቋን አጥቤ አጥሩ ላይ አሰጣሁ። የመጨረሻውን ጨርቅ ሳሰጣ ነው ዝናብ የመጣ።

መጣ ስላችሁ፣ ዝም ብሎ መጣ አይደለም። ከላይ ከተራራው ጀምሮ ሜዳውን እየሸፈነ፣ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው የመጣ። እናት የሆነች ታውቀዋለች፤ የደረቀ ጨርቅ ከሌለሽ ማታ የለሽም ማለት ነው። ጨርቆቹን ከአጥሩ ላይ በክንዴ ጠርጌ በቤቱ ጥግ ዞሬ ሮጥኩ። ከአውድማው ላይ አባባ አዩኝ። «ሸራ!» ሲሉ ሰማሁ። ወንዶቹ መንሻቸውን ጥለው ተሯሯጡ፤ አንዱ ሸራ ይጎትታል፣ ሌላው ጋቢውን አውልቆ ክምሩ ላይ ይጥላል፣ አንዱ ያልተመረተውን በክንዱ አቅፎ የት እንደሚያደርሰው ጠፍቶት ቆሟል።

ገብሱ ተሸፈነ። ሁላችን አንገታችንን ቀብረን ቆምን። ዶፉ ይወርዳል። ጠብታ ግን የለም። አባባ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ፀሐይ አረፈችበት።

ይሄኔ ይሁኔ ከቤት ወጣና ወደ ቮልሷ ጎንበስ ብሎ ዝናቡን ዝቅ አደረገው።

ምድር ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። ድምፁን በገዛ እጄ የከፈትኩት እኔ፤ ሌላው ቢሳሳት እንኳ የማልሳሳተው እኔ። ጨርቄን እንዳቀፍኩ አባባ ፊት ቀረብኩና «ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ ሁሉን ያስሮጥኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ስልሳ ዓመት ሰማይ እያየሁ አርሻለሁ» አሉኝ። «ዛሬ ሰማዩን አላየሁም፤ አንቺን ነው ያየሁ። የሕፃን ጨርቅ ያቀፈች እናት ስትሮጥ ማን ሰማይ ያያል?»

ከዚያ ወደ ቮልሷ ወረዱ። ጫማቸውን አራግፈው ገቡ። ይሁኔን ቅድም የዘነበውን መልሶ እንዲያዘንበው ጠየቁት። ትርንጎ ያ ሁሉ ሰው ሲተራመስ ከእንቅልፏ አልተንቀሳቀሰችም። አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። 

«ገብስ የማይነካ ዝናብ ሰምቼ አላውቅም» አሉ። «እግዜር ይመስገን።»

ቀጥለው የሚሉትን ስንጠብቅ አንኮራፉ። ወንዶቹ ሸራውን ቀስ ብለው አነሱ፤ በሬ የሚነዳው እንኳ ሃ ማለቱን ትቶ በዱላው ብቻ መራቸው። ለወንድሙ ሰርግ ጭፈራ የተገዛው አዲሱ ቴፕ አውድማውን ሙሉ በሹክሹክታ አሠራው።

እኔስ? እኔ ጨርቆቹን ይዤ ወደ አጥሩ ተመለስኩ። ሰማዩን ቀና ብዬ አየሁ፤ ጥርት ያለ ነው፣ ጉም እንኳ የለበትም። ከወዲያ ሽሽሽሽ ይላል። የምን ድምፅ እንደሆነ፣ ማን እንደቀዳው፣ በየትኛው ሱቅ እንደተቀዳ አውቃለሁ።

ጨርቆቹን ግን ቤት ውስጥ ሰቀልኳቸው።