ሦስቱ ቀያይ ቁልፎችና ጋሽ ሰብስቤ

እስቲ ይህን መጽሐፍ ተመልከቱልኝ! ለስልክ ፕሮግራም የተጻፈ መመሪያ ነው ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ጡብ ያህላል እኮ!

ሰዓት ስንት ነው ብትሉት የሰዓቱን ጥርስ መቁጠር የሚጀምር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የካርቱሙ የእኛው፣ ክቡር ጋሽ ሰብስቤ ናቸው። ጀብራ በሚባለው ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሲሸጡ ኖረው ዓለም ሁሉ የዕቃ ዝርዝር ሆናባቸዋለች። የካላክላ አውቶቡስ የት እንደሚቆም ጠይቋቸው፤ የከተማውን መስመር ሁሉ ሳይቆጥሩ አይለቋችሁም። «አንድም ሳይጎድል!» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው።

እኔ ስልክ ስጠግን ራሴን አስተምሬ፣ ዐረብኛ ለማይችል ሐበሻ በአቅራቢያው ያለ አስተርጓሚ የሚጠራ ፕሮግራም ሠራሁ። የሐበሾች ማኅበራችን መመሪያውን እንዲጽፉ ለእሳቸው ሰጠ። ጉድ ፈላ! የእያንዳንዱ ቁልፍ ቀለም፣ ቅርጽ፣ ቦታ ተጽፏል፤ ሰው ለምን እንደሚጫነው ግን አንዲት መስመር የለም። ሰው ገጹን እየቀደደ ትኩስ ጠዓሚያ፣ ያን የሽምብራ ጥብስ፣ ጠቀለለበት።

«ጋሼ፣ ሰው የሚያነበው ታሪክ ነው!» ብዬ ሱቃቸው ድረስ ሄጄ ጮኽኩ። «‹አንዲት ሴት ምጥ ያዛት፤ ቀዩን ተጫነች፤ አስተርጓሚ መጣላት።› አለቀ!»

«አላለቀም» አሉ።

ይህን ስንጨቃጨቅ ስልካቸው ጠራ፤ ድምፁን ከፍ አድርገው አነሱት። ሉሊት ናት፤ ከአገር ከመጣች ገና ጥቂት ወሯ። ቁጥራቸውን ያገኘችው ከመጽሐፉ ሽፋን ላይ ነው።

«ጋሽዬ፣ ምጤ መጣ! ሙስተሽፋ ሄጄ ለሐኪሞቹ ምን ብዬ ላስረዳ? መጽሐፉ ላይ ምጥ የሚል የለም! የቱን ልጫን?»

«አይዞሽ ልጄ። በመጀመሪያ የገጹ አቀማመጥ…»

«ወይ እመብርሃን!»

ደሜ ፈላ። ስልኩን ልቀማና «ቀዩን!» ልል አፌን ስከፍት፣ ሽማግሌው እጄን ጨምድደው ያዙ።

«ቀይ ሦስት አለ! የታችኛውን፣ ልጄ! የላይኛው ስምሽን ይሰርዘዋል!»

ክው አልኩ። የሠራሁት እኔ፣ የሚያውቁት እሳቸው! ያ የምኮራበት ታሪኬ ልጅቷን ከነስሟ ሊያጠፋት ነበር።

«ያላ!» አሉና ሱቃቸውን ሳይዘጉ ባለ ሦስት እግሯ ረክሻ ውስጥ ዘለው ገቡ። መንገዱን ሙሉ የረክሻውን ክፍሎች ዘረዘሩልኝ። ልቆጣ ዞር ስል በየክፍሉ መሀል ያማትባሉ። ለካ ሰውየው የሚዘረዝሩት ሲፈሩ ነው!

ሉሊት የነገረችን ሙስተሽፋ ስንደርስ በታችኛው ቁልፍ የተጠራችው አስተርጓሚ አሚና ቀድማናለች። ሉሊትም ከሰዓት በኋላ በሰላም ተገላገለች። ጋሽ ሰብስቤ ሕፃኗን አቅፈው ጣቶቿን ቆጠሩ።

«አንድም ሳይጎድል!» አሉ፤ ዐይናቸው ዕንባ ሞልቶ።

አሁን መጽሐፉ የሚጀምረው በሉሊት ታሪክ ነው፤ የእሳቸው ዝርዝር ከኋላው አለ። አንባቢ ሆይ፣ ታሪኩን ስትጨርስ እባክህ በኋለኞቹ ገጾች ጠዓሚያ አትጠቅልልባቸው።