የጋሽ ጌጡ ጌጆች

በየሰፈሩ ሳይለካ የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ትኩሳት ይዞኛል ቢሉት መዳፉን ግንባርዎ ላይ ካላሳረፈ አይቀበልም፤ እየዘነበ ነው ቢሉት ወጥቶ እጁን ይዘረጋል። የኛ የጉለሌዎች ድርሻ ክቡር ጋሽ ጌጡ ነበሩ። ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ ይሸጣሉ፤ ድሮ ራሳቸው ሸማኔ ነበሩ፤ አንዲት አሮጌ ሰይቼንቶ መኪናም አለቻቸው። ለሁሉም ነገር መልሳቸው "ልኩን ማወቅ ነው" የሚል ነበር።

ነገሩ የጀመረው አንድ ቀን ወደ ቁስቋም ሲወጡ ውሃ መጨመር ረስተው ሞተሩ ስለተቃጠለ ነው። ጥፋቱ የሳቸው ነው፤ እሳቸውን ያናደዳቸው ግን ቀድሞ የነገራቸው አለመኖሩ ነው። መኪናዋ እንደተጠገነች የሙቀት መለኪያ ጌጅ አስገቡላት። ሙቀቱን ሲያውቁ ዘይቱ አሳሰባቸው፤ ከዘይቱ ወደ ባትሪው ተሻገሩ። ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ፣ ክሩስኮቱ፣ ሲሞላ ከሥሩ ጣውላ ቸንክረው ቀጠሉ። በዓመቱ ጌጁ ሰባት ደረሰ። በኩፖን የሚሰጠው ቤንዚን የትም ስለማያደርስ መኪናዋ አብዛኛውን ጊዜ የምትለካው ቆማ ነበር።

ሽቦ ሲዘረጉ ግን ሸማኔነታቸው ይመጣል። መብራት ይዤላቸው አይቻለሁ፤ ቀዩ ከቀይ፣ አረንጓዴው ከአረንጓዴ እንደ ድር ተሰድሯል፤ የተበጠሰውንም እንደ ክር በጣታቸው ጠምዝዘው ይቀጥሉታል። አንድ መካኒክ አጎንብሶ አየና ይኼን መንካት ኃጢአት ነው ብሎ ሄደ። ባለቤታቸው እትዬ ጸሐይ ደግሞ ለኔ ቀሚስ እንዲህ ተጨንቀው አያውቁም እያሉ ያማርራሉ።

አሁን ሳስበው ሰውየው እውነትን ተርበው ነበር። ጋዜጣውም ስብሰባውም ሁሉም ነገር ወደፊት እየገሰገሰ ነው በሚሉበት ዘመን፣ ቢያንስ ስለ አንድ ሞተር ትክክለኛውን ነገር ማወቅ ፈልገው ነበር። ያኔ ግን ይህን ማን ያስባል? እኔም ምላሴ አላርፍ አለኝ። የቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ "ጋሽ ጌጡ የሚሰበስቡት ጌጅ አይደለም፣ ጌጥ ነው" አልኩ። ሰው ሳቀ፤ እኔም በራሴ ቀልድ ሳቅሁ።

በዚያ ጊዜ ቀልድ ስኳሩ ሳያልቅ ቀበሌ ይደርስ ነበር። እሑድ ጠዋት በስብሰባው ላይ "ሰፊው ሕዝብ በተቸገረበት ወቅት ጓድ ጌጡ መኪናቸውን በጌጥ ያንቆጠቁጣሉ" የሚል ጥቆማ ተነበበ። ቀልዴን አወቅኳት። መኪናዋ ልትወረስ ትችላለች፤ አልፎም ሰውየው ራሳቸው ሊወሰዱ ይችላሉ። አፈርኩ፣ ፈራሁም፤ አንገቴን ደፋሁ።

ጋሽ ጌጡ አልተከራከሩም። ሊቀ መንበሩ ወጥተው ደጅ የቆመችውን መኪና እንዲያዩላቸው ብቻ ለመኑ። ሁላችንም ተከትለን ወጣን። ሊቀ መንበሩን መሪው ጋ አስቀምጠው ሞተሩን አስነሡና አንድ በአንድ ያስረዱ ጀመር። ይህ ሙቀት ነው፣ ይህ ዘይት፣ ይህ ባትሪ። ቀስቶቹ ተራ በተራ ተነሡ። ሰባተኛው አልተነሣም።

"ይኼኛውስ?" አሉ ሊቀ መንበሩ።

ይኼኛው ከፈረሰ የጭነት መኪና የተገኘ ነበር። የሚሆነው ሽቦ ስላልተገኘ ከገባ ጀምሮ ምንም ለክቶ አያውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ጌጥ ነው። መለካት የለመደ ሰው ደግሞ ውሸት አይሆንለትም። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ።

"ሽቦው እኔ ጋ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር" አልኩ። "ተውሼ ሳልመልስላቸው ቀርቼ ነው።"

ሊቀ መንበሩ ስለ ሰው ንብረት ረጅም ወቀሳ አወረዱብኝ። በጋሽ ጌጡ ላይ የቀረበው ጥቆማ ተሰረዘ፤ እኔ ሽቦውን በሦስት ቀን ውስጥ እንድመልስ ደግሞ በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ጌጡ ፒንሳ ይዘው ደጃፌ ላይ ቆመዋል። ከዚያ በላይ ጥፋቴን መሸከም አልቻልኩም።

"ጋሽ ጌጡ፣ ያንን ወሬ የጀመርኩት እኔ ነኝ። እ... ማለቴ፣ ለቀልድ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ሰልፉ ላይ ጋቢ ተከናንቤ ከኋላህ ነበርኩ። በል አሁን ሽቦውን አምጣ።"

ስብሰባው ላይ ራሳቸውን ለማዳን ስሜን አንዴ ቢጠሩ ይበቃቸው ነበር። ሽቦ የሚባል ነገር ቤቴ ውስጥ የለም። ገብቼ ራዲዮዬን ፈታሁ።