ትኩረቱ ያስደነቀን ልጅ

ለሰው ጠባይ ሁሉ ስም ካላወጣ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። መምህር አሥራት ይባላል፤ በጃንሆይ ዘመን ቡታጅራ አብረን እናስተምር ነበር። አዲስ አበባ አንድ ክረምት ሳይኮሎጂ ተምሮ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ተማሪ ቢያኮርፍ «የዕድገት ደረጃው ነው»፣ ዳይሬክተሩ ቢቆጣ «የበታችነት ስሜት ነው» ይለናል። እኛ ምን እናውቃለን?

አንድ ቀን ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ክላክሱን እያንባረቀ ገባ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እየጮኸ ሮጠ። የእሱ የሦስት ዓመት ልጅ ግን ጀርባውን ሰጥቶን የጣውላው ወለል ላይ ቆርኪ ይደረድራል፤ ቀና እንኳ አላለም።

«አየህ?» አለኝ መምህር አሥራት። «ይህ የትኩረት ኃይል ይባላል። ከዕድሜው የላቀ ነው።»

እኔም በአድናቆት ራሴን ነቀነቅሁ። ለእንዲህ ዓይነቱ ራስ መነቅነቅ ሳይኮሎጂ ስም ይኖረው ይሆን?

ባለቤቱ ከጓዳ ብቅ አለችና ወለሉን በእግሯ ሁለቴ መታች። ልጁ ወዲያው ዞሮ ወደ እሷ ሮጠ።

«እሷ ደግሞ የነርቭ በሽታ አለባት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጁን በፈለገችው ቁጥር ወለል ትደበድባለች።»

ሰማችው።

«ስሙን ስጠራው አይሰማኝማ» አለች ልጁን አቅፋ። «ይኸው ዓመት ሆነው። ልነግርህ በጀመርኩ ቁጥር ስም ታወጣልኛለህ።»

በማግስቱ በደጃቸው ሳልፍ መምህር አሥራት በረንዳው ላይ ከልጁ ኋላ ቆሞ ወለሉን በእግሩ ይመታል። ልጁ ንዝረቱ ሲሰማው ቆርኪውን ጥሎ ተነሣ፤ አባቱን አልፎ እናቱን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባ።