ጋሼ ብርሀነ ቤዝቦል ሲያሰለጥኑ

ሦስት ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ሁሉን አወቅ አይጠፋም። ባሕር ማዶ ያለው የብሬብሩክ ሰፈር ሁሉን አወቅ ግን ሦስት ሰው እስኪሞላለት እንኳ አይጠብቅም ነበር። ክቡር ጋሼ ብርሀነ የጎረቤታቸውን የጦይባን በር ካንኳኩ፣ ፍሪጁ ለምን እንደሚንጫጫና ሐኪሟ የቱ ላይ እንደተሳሳተ ሳያስረዱ አይቀመጡም። ሁሌም የሚጀምሩት «ነገሩ ቀላል ነው!» ብለው ነው።

ጦይባ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በሺፍት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። «ዛሬስ አልከፍትላቸውም!» ትልና ትከፍታለች።

እንደ ፈረንጆቹ በ2006 የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ሀይፋ፣ በአጎራባቹ ሰፈር በያራቪል፣ ለአንድ የልጆች ቡድን ቤዝቦል ትጫወት ነበር። በሩጫና በመቅለብ የሚደርስባት አልነበረም። ዱላ ስትይዝ ግን ትቸኩላለች። ኳሷ መንገድ ሳታጋምስ ሀይፋ አየሩን ገርፋ ትጨርሳለች። አራት ጨዋታ ሙሉ አንዴ እንኳን አልነካቻትም። አሰልጣኟ ቅዳሜም ካልመታች በፍጻሜው ጨዋታ ተቀያሪ ወንበር ላይ እንደምትቀመጥ በለሰለሰ አንደበት ነገረቻት።

ጋሼ ወሬውን በአጥር በኩል ሰሙ። ቤዝቦልን በዓይናቸው ካዩ ገና ሦስት ሳምንታቸው ነው፤ ያውም ክሪኬት መስሏቸው። «ነገሩ ቀላል ነው!» አሉ።

ሰኞ ዕለት ዱላውን እንደ ገና ዱላ ወደ መሬት ዝቅ አድርጋ እንድትይዝ አዘዙ፤ ቅልጥሟን መታች። ማክሰኞ ጥፋተኛው ቁርሷ ሆነ፤ አንድ ጆግ በሶ በጥብጠው በአጥር አሻገሩ። ረቡዕ የጦይባን ካልሲዎች ከማስጫው አውርደው እንደ ኳስ ጠቀለሏቸው። እያስረዱ ይወረውራሉ፤ እየወረወሩ ያስረዳሉ። ሦስቱ ጣሪያ ላይ ቀሩ።

«ጋሼ! የሥራ ካልሲዬን እኮ ነው!»

«ለልጅ ካልሲ አይሰሰትም፣ ጦይባ።»

ሐሙስ ከሰዓት ሀይፋ ዱላውን ሣሩ ላይ ጣለችው። «አይ ኩዊት! ትቼዋለሁ!» ብላ እያለቀሰች ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጦይባ ሰውየውን ወደ ቤታቸው ልትሸኝ አፏን ስትከፍት፣ እሳቸው አንድ ባልዲ ደፍተው ተቀመጡበትና «እኔ እኮ ስለዚህ ጨዋታ ምንም አላውቅም» አሉ።

ጦይባ ደነገጠች። በስድስት ዓመት ጉርብትና እንዲህ ያለ ነገር ካፋቸው ወጥቶ ሰምታ አታውቅም። ግንባራቸውን ዳብሳ ትኩሳት እንዳለባቸው ማየት አማራት።

«ታዲያ ምን ያውቃሉ?» አለች ሀይፋ ዓይኗን እየጠረገች።

«አውቶቡስ» አሉ ጋሼ። «አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ዓመት ትኬት ቆርጫለሁ። እየሄደ ያለ አውቶቡስ ላይ የሚንጠለጠል ጎረምሳ ስንቱን አየሁ! ከሩቅ እንዳየው የሚዘል አስፋልቱን ነው የሚያቅፈው። የሚሳካለት ቀድሞ ተዘጋጅቶ ዘግይቶ የሚዘለው ነው። ክብደቱን ኋላ እግሩ ላይ ጥሎ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል… በሩ ፊቱ ሲደርስ፣ ያኔ!»

ሀይፋ ዱላውን አነሳች። ካልሲው ተወረወረ።

«ጠብቂ… ጠብቂ… በሩ!»

ጧ! ካልሲው ተመልሶ የጋሼን ደረት መታ። ጋሼ እንደተሾመ ሰው ደረታቸውን ነፉ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ጦይባ ካልሲ ለቃሚ ሆነች።

ቅዳሜ ሀይፋ ተራዋ ሲደርስ ጋሼ አፋቸውን በባርኔጣቸው ከድነው ነበር፤ ለዳኛው ስለ ዳኝነት ሊያስረዱ ሲሞክሩ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸዋል። የመጀመሪያዋን ኳስ ሀይፋ ቸኩላ ሳተቻት። ሁለተኛዋ ስትመጣ ልጅቷ ኋላ እግሯ ላይ ተደላደለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጠበቀች፣ ጠበቀች…

ጧ!

ኳሷ ከተከላካዮቹ ራስ በላይ ከነፈች። ሀይፋ ግን ባየችው ተደንቃ ቆማ ቀረች።

«ሩጪ!» ቡድኑ ጮኸ። ጋሼ ባርኔጣቸውን ጥለው በአጥሩ ዳር ራሳቸው መሮጥ ጀመሩ። ጦይባም የሥራ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ተከተለቻቸው። አጥሩ ሲያልቅባቸው ነው የቆሙት፤ እየተያዩ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሀይፋ ሮጣ ሁለተኛው ማረፊያ ቤዝ ላይ ደርሳ እጇን ታውለበልባለች። ቀድሞ ወደ ፍጻሜው ያለፈው ቡድን ያን ቀን ቢሸነፍም፣ አሰልጣኟ ለፍጻሜው ከመጀመሪያዎቹ ተሰላፊዎች ጋር መዘገበቻት።

የፍጻሜው ዕለት ጋሼን ጉንፋን ጣላቸው። ጦይባ ሜዳው ዳር ብቻዋን ተቀመጠች። ዳኛውን የሚያስተምር የለ፣ ስለ ነፋሱ አቅጣጫ የሚተነትን የለ። ስድስት ዓመት የተመኘችው ጸጥታ ይኸው መጣ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልቻለችውም።

ስልኳን አወጣች። «ጋሼ፣ ሀይፋ ልትመታ ነው። ወርዋሪዋ በግራ እጇ ነው የምትወረውረው። ምን ለውጥ አለው?»

ለውጡን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ጠዋት መኪና ውስጥ ሀይፋ ነግራታለች። በዚያኛው በኩል አንድ ረጅም ሳል ተሰማ፣ ከዚያ አልጋ ሲንቋቋ፣ ከዚያ ጉሮሮ ሲጠረግ። ጦይባ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ተደላድላ ተቀመጠች።