አቶ ዘርጋው የሌሉበት ካርታ

ትናንት ሌሊት አቶ ዘርጋው ያዩትን ሕልም ለጠላትም አይስጥ። እርግጥ ነው፣ ሰውዬው ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበራቸውም። ከሠላሳ ዓመት በፊት በአውሮፕላን የተነሣው የከተማችን ካርታ ከመጋዘን ወጥቶ፣ እሱ ላይ የታየ ይዞታ ይጸናል፣ ያልታየ ይፈርሳል ተብሏል። የእሳቸው ቤት ደግሞ ያኔም ዛሬም ያለው ከትልቁ ዋርካ ሥር ነው። ከሰማይ ለሚያይ ቅጠል እንጂ ቤት የለም። ውጤቱ የሚነገረው በማግስቱ ጠዋት ነበርና፣ ተኙ ከማለት ደክመው ወደቁ ማለት ይቀላል።

በሕልማቸው ረፋድ ነው። ከግቢያቸው ሲወጡ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ ከአጥሩ እስከ አስፋልቱ ተሰልፈው ይጠብቋቸዋል። ፊት የቆመው ኃላፊው ራሱ ነው፤ ፋይሉን ደረቱ ላይ ታቅፎ አንገቱን ሰበር አደረገ።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ያስተናግዱኝ። ስመላለስ ሦስት ወር ሆነኝ።»

«ሲስተም የለም» አሉ አቶ ዘርጋው። «ነገ ተመለስ።»

እንዴት ደስ እንዳላቸው! «ደግሞ ሦስት ጉርድ ፎቶ ይዘህ» ብለው ጨመሩበት።

ደስታቸው ግን አልቆየም። ከሰልፉ ኋላ አንድ መነጽር ያደረገ አህያ፣ ካርታ የተሸከሙ ሁለት መሐንዲሶች እየነዳ መጣ። ካርታውን አስፋልቱ ላይ አስዘረጋና በኮቴው መታ መታ አደረገው።

«ቤትህ የት አለ?»

«ከዋርካው ሥር።»

«እዚህ ያለው ዛፍ ነው። ዛፍ ላይ የሚኖረው ወፍ ነው። ወፍ ነህ?»

«ኧረ የሰው ልጅ ነኝ፣ ጌታዬ!»

«እንግዲያው ገብተህ አሳየኝ» አለና በአፍንጫው ገፋ አደረጋቸው።

ካርታው እንደ ጭቃ ዋጣቸው። ብድግ ሲሉ የድሮው ከተማ መሀል ቆመዋል። የዛሬው መናኸሪያ የጤፍ ማሳ ነው። ባንክ ቤቱ ባለበት ቦታ የቆዳ መጋዘኑ ቆሞ ይሸታል። የደረቀው ወንዝ ሞልቶ፣ ዳር ዳሩን ሸሚዞች ባለቤቶቻቸውን እያጠቡ ድንጋይ ላይ ያሰጣሉ። ያ ሁሉ የጠፋ ነገር በየቦታው ነበርና አቶ ዘርጋው እንባቸው መጣ። የቆዳው ሽታ ሳይቀር ናፍቋቸው ኖሯል።

ጊዜ ግን አልነበረም። አውሮፕላኑ በዋናው መንገድ እየተንከባለለ መጥቶ ቆመ፤ ከተማው በሙሉ ተነሥቶ ከላዩ ይበር ጀመር። ፎቶ አንሺው አንገቱን አውጥቶ «ተዘጋጁ!» ሲል ቤቶች ለፊት መስመር ተጋፉ። ሣር ክዳኖች ተበጠሩ፣ የዘመሙ አጥሮች ቀጥ አሉ። የእሳቸው ቤት ብቻ ዋርካው ሥር ተሸጉጧል።

«ውጣ እንጂ!» ብለው መቃኑን ይዘው ጎተቱት።

«አልወጣም» አለ ቤቱ። «ሣር ለብሼ ነው ፎቶ የምነሣው? ቆርቆሮዬን ለማን እንደሰጣችሁት ታውቃላችሁ።»

እውነቱን ነው። ያኔ ስድስት ቆርቆሮ ተገኝታ ነበር። ሚስታቸው ወይዘሮ ብርዛፍ «ለቤቱ አትበቃም» ብለው ጓሮ ያለውን ሽንት ቤት አስከደኑባት። አቶ ዘርጋው ወር ሙሉ አኮረፉ። ከዚያም ወዲህ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ቤተ መንግሥታችንን አይታችኋል?» እያሉ ሚስታቸውን ሲያሽሟጥጡ፣ የሽንት ቤቱንም በር በርግጫ ሲከፍቱ ኖሩ።

«ውጣ፣ እለምንሃለሁ! ካንተ ሌላ መጠጊያ የለንም!»

ብልጭ አለ። «አለቀ!» አለ ፎቶ አንሺው። አህያው ላጲስ አውጥቶ «ዘርጋው የሚባል ሰው የለም» እያለ ከእግራቸው ጀምሮ ያጠፋቸው ጀመር። ጉልበታቸው ጠፋ። ወገባቸው ጠፋ።

«ብርዛፌ!»

«ምን ሆነሃል? ተነሥ!»

ነግቷል። ወይዘሮ ብርዛፍ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ወረቀት ይዘው ከራስጌያቸው ቆመዋል። ማልደው ሄደው ውጤቱን ሰምተው መመለሳቸው ነው።

«ቤቱ አልታየም» አሉ።

አቶ ዘርጋው ጋቢያቸውን ገፍተው ተቀመጡ። «አለቀልን በይኛ።»

«ምን ያልቅልናል! ሽንት ቤታችን ታየ! እሱ ከዛፉ ውጪ አይደል? ቆርቆሮው እንዴት እንደሚያበራ ብታይ! የጽሕፈት ቤቱ ልጅ በእስክሪብቶዋ ነካ አድርጋ ‹ዋናው ቤት ይሄ ነው› ብላ ጻፈችው። ግቢው ጸናልን፣ ዘርጌ!»

ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ። መኖሪያ ቤት፣ አንድ ክፍል፣ አራት ካሬ ሜትር።

«ይሄ የተኛሁበትስ?»

«እሱን ዛፍ ነው የሚለው። ዛፍ መቁረጥ ደግሞ ክልክል ነው።»

አቶ ዘርጋው ተነፈሱ። ሳምንቱን ሙሉ ደረታቸው ላይ የተቀመጠው ነገር ለቀቃቸው፤ ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣ። ወይዘሮ ብርዛፍ ግን አልሳቁም። ወገባቸውን ይዘው የሆነ ነገር ይጠብቃሉ።

አቶ ዘርጋው ገባቸው። ጋቢያቸውን ደረብ አድርገው ወደ ጓሮ ወጡና፣ ሠላሳ ዓመት በርግጫ ሲከፍቱት የኖሩትን በር በጣታቸው አንኳኩ።