አመልካች በአቶ መቃወሚያ ችሎት

ሐኪም ወደ ቤቱ ሲገባ እንደማንም ሰው ጉንፋን ይይዘዋል። መምህርም ቤቱ ሲገባ ይሳሳታል፤ ልጆቹ ያርሙታል። ጠበቃ ግን ቤቱም ገብቶ ጠበቃ ነው። ሙያውን እንደ ጃንጥላ በር ላይ አስደግፎ የሚገባ ጠበቃ እስካሁን አላጋጠመኝም። በትንሽ ከተማ የኖረ ሰው የምለውን ያውቃል፤ እንዲህ ያለ አንድ ጠበቃ የሌለው ትንሽ ከተማ የለምና። የዛሬ አርባ ምናምን ዓመት የእኛው ጠበቃ አቶ መቃወሚያ ይባሉ ነበር። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን ከእናታቸው በቀር በዚያ ስም የሚጠራቸው ሰው አልነበረም።

መንገድ ላይ «ደህና ነዎት ወይ?» ሲባሉ እንደ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው አያልፉም። ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ፣ ከዚያ «በጠቅላላው አዎ። የግራ ጉልበቴን በሚመለከት ግን መቃወሚያ አለኝ» ይላሉ። ጠያቂው ሥራ ካለው አለቀለት፤ የጉልበቱን ጉዳይ ከነታሪኩ ቆሞ ይሰማል።

የቤታቸው የፊት ክፍል ቢሮ ነበር። በገመድ የታሰሩ መዝገቦች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፤ መስኮቱ አጠገብ አንድ የጽሕፈት መኪና አለ። ቢሮውን ከምግብ ቤቱ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ስለነበር ችሎቱ ሳይጠራ ወደ ገበታ ይሻገራል። ትንሿ ልጃቸው ብርጭቆ ብትሰብር ክስ ይነበብላታል፣ መልስ እንድትሰጥ ይፈቀድላታል፣ ድመቷ በምስክርነት ትቆጠራለች። ልጅቷ በስድስት ዓመቷ «ምስክሬ ስላልቀረበች ቀጠሮ ይሰጠኝ» ማለት ችላ ነበር፤ ቀጠሮው እስኪደርስ ብርጭቆው ይረሳል።

በዚያ ቤት የማይቀለበስ ፍርድ የሚሰጡት ግን ባለቤታቸው ነበሩ። አንድ ቀን ክቡርነታቸው የሾርባውን ጨው መብዛት በሦስት ነጥብ ከፋፍለው ሲያስረዱ፣ ሴትዮዋ ማንኪያቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ብላ» አሉ። ክቡርነታቸውም በሉ።

አቶ መቃወሚያ በሕይወታቸው አንድም ጊዜ ተረትቼአለሁ ብለው አያውቁም። «እኔ ተረትቼ አላውቅም፤ ዳኛው የተሳሳተበት ጊዜ አለ እንጂ» ይሉ ነበር። ዳኛው ደግሞ በጣም ብዙ ጊዜ ነው የተሳሳተው። ጥፋቱ የእውቀት ማነስ አይደለም። መጥፎ ጽሑፍ ማየት አይችሉም፤ የባላጋራም ቢሆን። ባለወፍጮው ከፀጉር አስተካካዩ ጋር በአጥር ሲካሰስ ጠበቃው እሳቸው ነበሩ። ፀጉር አስተካካዩ ጠበቃ የለውም፤ መልሱን ራሱ ነው የጫረው። አቶ መቃወሚያ ወረቀቱ ሲደርሳቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ክቡር ዳኛ፣ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም» አሉና ፈቃድ ጠይቀው ከሰውየው ጎን ተቀመጡ። በቀይ እስክሪብቶ አረሙለት፣ እግረ መንገዳቸውንም አጥሩ ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይቃወመው መቆሙን ጨመሩበት። ፀጉር አስተካካዩ በዚያው ነጥብ ረታ።

«ለመሆኑ እርስዎ የማን ጠበቃ ነዎት?» አለ ባለወፍጮው።

«የእርስዎ። ጽሑፍ ግን ጽሑፍ ነው» አሉት።

እኔ ያኔ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አቶ መቃወሚያ ከአደራ ደብዳቤ በታች አይልኩም፤ አጥር ለአጥር ለሚተያዩት ጎረቤት እንኳ በአደራ ነው፣ ማስረጃ ነዋ። ደብዳቤዎቹን የምታመጣው ትልቋ ልጃቸው ነበረች። የእጅ ጽሑፋቸውን ከእሷ በቀር ማንም አያነበውም፤ እሳቸውም ጭምር። ጠዋት የጻፉትን ከሰዓት በኋላ «ምን ማለቴ ነበር?» ብለው የሚጠይቁት እሷን ነው። በጽሕፈት መኪናው ትገለብጠዋለች፣ ታስፈርማለች፣ ይዛ ትመጣለች። እኔም ማኅተሙን ቀስ ብዬ እመታለሁ። እንደኔ ማኅተም ቀስ ብሎ የመታ ጸሐፊ ያቺ ከተማ አላየችም። በስድስተኛው ወር «ዛሬኮ ሁለቴ መታኸው» አለችኝ፤ ተግባባን።

በዚህ መሃል የዝውውር ደብዳቤ መጣብኝ። በአንድ ወር ውስጥ የሁለት ቀን መንገድ ወደሚያስኬድ ቅርንጫፍ መሄድ አለብኝ። ይዣት ካልሄድኩ እንደማጣት ገባኝ። ደህና ልብሴን ለብሼ አባትየው ቢሮ ገባሁ።

«ልጅዎን ለማግባት ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «በቃል? እዚህ ቤት በቃል አቤቱታ አንቀበልም። በጽሑፍ አምጣ።»

በማግሥቱ ግማሽ ገጽ ጽፌ አመጣሁ። ግልባጭ የለውም ተብሎ ለሳምንት ተቀጠረ። ግልባጩን ሳመጣ ቀን አልተጻፈበትም ተብሎ ተቀጠረ። በሦስተኛው ቀጠሮ የግራ ጉልበታቸው ታመመና ችሎት ሳይሰየም ቀረ። መሄጃዬ ስድስት ቀን ሲቀረው ልጅቷን ፖስታ ቤት ውስጥ አገኘኋትና «አባትሽ ጠልተውኛል» አልኳት።

«አልጠላህም። ፈርቶ ነው።»

«ምኑን?»

«እኔ ከሄድኩ ጽሑፉን ማን ያነብለታል?»

የመጨረሻው ቀጠሮ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ባለቤታቸው ጥግ ላይ ሆነው ልብስ ይሰፋሉ፣ ትልቋ ልጅ የጽሕፈት መኪናው አጠገብ ተቀምጣለች፣ ትንሿም ድመቷን ታቅፋለች። አቶ መቃወሚያ አቤቱታዬን ውድቅ ለማድረግ ብድግ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ቆሙ።

«ይህ ምንድነው?»

«አቤቱታዬ ነው።»

«ይሄማ የሱቅ ዝርዝር ነው። ‹ጥሩ ሰው ስለሆንኩ ይፈቀድልኝ› ተብሎ ይጻፋል? ጭብጡ የታለ? ተቃዋሚው ሊል የሚችለውን አስቀድመህ የዘጋኸው የት ላይ ነው?»

እጃቸው ወደ ቀዩ እስክሪብቶ ሲሄድ ፀጉር አስተካካዩ ትዝ አለኝ። ባለቤታቸውም መርፌያቸውን አቆሙ። አቶ መቃወሚያ ሰረዙ፣ ጻፉ፣ ወረቀቱን ገልብጠው በጀርባው ቀጠሉ። ፊታቸው በርቷል፤ አቤቱታው በማን ላይ እንደቀረበ ጨርሶ ረስተውታል። ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው ለልጃቸው ዘረጉላትና «አንብቢው» አሉ።

አነበበች። ሦስቱ ነጥቦች ስለ ጠባዬና ስለ ዝውውሬ ነበሩ፤ እኔ ራሴን እስክወደው ድረስ አሳምረውታል። «አራተኛ» አለች፣ «ተቃዋሚው አባት ልጃቸውን የሚከለክሉበት በቂ ምክንያት የላቸውም። ያላቸው ምክንያት አንድ ሲሆን፣ ይኸውም የእጅ ጽሑፋቸውን የሚያነብላቸው ሌላ ሰው አለመኖሩ ነው። የአባት ጽሑፍ መጥፎ ስለሆነ ልጅ...» እዚህ ላይ ከወረቀቱ ቀና ብላ አባቷን አየች። ከዚያ ቀጠለች። «ልጅ ዕድሜዋን ልትከፍልበት አይገባም።»

አቶ መቃወሚያ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የማን ጠበቃ መሆን እንደነበረባቸው የታወሳቸው ያኔ ነው።

«ተፈቅዷል» አሉ ባለቤታቸው፣ መርፌያቸውን መልሰው እያነሱ።

«መቃወሚያ...» ብለው ጀመሩ ጠበቃው። ልጃቸውን አዩዋት፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። «ዳኛዋ ተሳስታለች» ብለው ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ከደጅ ተመልሰው ወረቀቱን ወሰዱ፤ «መዝገብ ውስጥ ይገባል» አሉኝ።

ተጋብተን ሄድን። በሁለተኛው ሳምንት አንድ አደራ ደብዳቤ መጣ። ሰላምታ የለ፣ ናፍቆት የለ፤ አንድ ረቂቅ ክስና «በአስቸኳይ ተገልብጦ ይመለስ» የሚል ትእዛዝ ብቻ። ትእዛዙንም ያነበበችልኝ ሚስቴ ናት። ሰውየው ጸሐፊያቸውን በፖስታ ቀጥረዋት አረፉት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በየሳምንቱ ላኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገልብጣ መለሰች። አራስ በሆነች ጊዜ እኔ ልገለብጥ ተቀመጥኩና የአንዲት መበለትን ክስ የላም ሽያጭ አድርጌ ላክሁት። ቀይ በቀይ ሆኖ ተመለሰልኝ። ሰው እንዲህ በፍቅር ሲሰድበኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አቶ መቃወሚያ ሲያርፉ የመዝገቦቹን መደርደሪያ እንዳራግፍ አማቴ ጠየቁኝ። ከታች፣ በገመድ የታሰረ አንድ ቀጭን መዝገብ ውስጥ ያቺን ግማሽ ገጽ አገኘኋት። ሽፋኑ ላይ በዚያ ጉደኛ ጽሑፍ የሆነ ነገር ተጽፏል። ሚስቴ መጋረጃው ወዲያ ነበረች፤ አልጠራኋትም። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ ራሴ አነበብኩት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲመላለስ ዓይኔ ለምዶታል።

«በዚህ ጉዳይ ተረትቼአለሁ። ዳኛዋ አልተሳሳተችም። ይግባኝ አልጠይቅም።»

ከሥሩ የተጻፈው ቀን ያው እሑድ ነው።