«ይቅደሙ» ባዩ ቴክኒሻን

ሐበሻ በገባበት አገር ሁሉ፣ በር ካለ፣ አጠገቡ ጎንበስ ብሎ «ይቅደሙ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሊፍቱ ተከፍቶ፣ ጠብቆ፣ ተዘግቶ ባዶውን ሲሄድ እሱ ገና «ኧረ አይገባም፣ እርስዎ!» ላይ ነው። በልጅነታችን በተማርንበት የግብረ ገብ መጽሐፍ ውስጥ ለአዛውንት መንገድ የሚለቅ ልጅ ሥዕል ነበር። አብዛኞቻችን ገጹን ገልጠን አለፍን። እሱ ግን እዚያው ገጽ ላይ ቀረ።

የካምፓላው ሊቀ አስቀዳሚ የቡኮቶው ጎረቤቴ ጋሽ ዲሪባ ናቸው። በከተማው የመብራት ድርጅት የመስመር ቴክኒሻን ሆነው ሲያገለግሉ ጠጉራቸው ሸብቷል። ሰው የሚቀድሙት የመብራት ምሰሶ ሲወጡ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከታች የቀሩትን ይቅርታ ጠይቀው ነው ይባላል።

መኪና ሲነዱማ አይጣል ነው! መጋጠሚያው ላይ ቆመው ለአንዱ ቦዳ፣ ለሞተር ታክሲው፣ በእጃቸው «እለፍ ሴቦ፣ እለፍ ጌታዬ» ይሉታል። ካምፓላ ውስጥ ቦዳውን ሁሉ አሳልፌ እሄዳለሁ ማለት፣ የዓባይ ውኃ ፈስሶ ሲያልቅ እሻገራለሁ እንደማለት ነው። ከኋላቸው ያለው ሹፌር ጡሩምባውን ሲያስጮህባቸው ደግሞ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ከቸኮልክ ቅደም ጌታዬ» ይሉታል። በየት በኩል ይቅደም? አንድ ቀን ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ደኅና መሆናቸውን ጠየቃቸው። ፖሊሱ መሪው ላይ የታመሙ መስሎት ነበር።

በኮሮናው ጊዜ ክትባት የመጣ ሰሞን አብረን ተሰልፈን ነበር። መጀመሪያ ሕፃን ያዘለች እናት አሳለፉ፤ ደግ አደረጉ አልን። ቀጥለው አንድ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት፣ ከዚያ አንድ ጎረምሳ («የቸኮለ ይመስላል» አሉኝ)፣ ከዚያ ከስፖርት ሜዳ የመጡ የሚመስሉ ወጠምሾች በሙሉ አለፉ። የጋሽ ዲሪባ ተራ ሲደርስ የዕለቱ ክትባት አለቀ።

ባለቤታቸው እትዬ ቦጋለች ይህን ሲሰሙ «ይሁን፤ ሞት ሲመጣም እንዲሁ ተራህን ለሰው እየሰጠህ ትቆይልኛለህ» አሏቸው።

ጋሽ ዲሪባ ደነገጡ። «ኧረ እሱንስ እኔው እቀድማለሁ!»

እንግዲህ እኒህ ሰው፣ ለራሳቸው ወንበር መሳብ የማይሆንላቸው ሰው፣ ለሌላው ሲሆን ግን ደጅ አያስከፍቱ መሰላችሁ? በድርጅቱ ትናንት የተቀጠረውም፣ ዕድሜውን ምሰሶ ላይ የጨረሰውም፣ ስሙ ቴክኒሻን ነው። ከዚያ በላይ ያለው ኢንጂነር ነው፤ ኢንጂነር ለመሆን ዲግሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ ደኅና ደኅናው ባለሙያ ወደ ሶላር ኩባንያና ወደ ዓረብ አገር ይኮበልላል። ጋሽ ዲሪባ ይኼ ነገር እንቅልፍ ነሳቸው። «መሰላሉ አንድ እርከን ጎድሎታል። መሀሉ ላይ ሲኒየር ቴክኒሻን የሚባል ደረጃ ይጨመር። አዲሱ ልጅ ቀና ሲል የሚያየው ነገር ይኑረው» እያሉ ኮሎሎ ያለውን ዋና መሥሪያ ቤት ተመላለሱበት። የሚጠብቁበትን ወንበር ለመጣው ባለጉዳይ ሁሉ ይለቁ ነበር፤ ደጃፉን ግን አልለቀቁም። የሰው ኃይል ኃላፊዋ በመጨረሻ ከሩቅ ስታያቸው ገና፣ ሰላምታቸውን ሳትሰማ «እሺ ሙዜ፣ እየታየ ነው» ማለት ጀመረች፤ ሙዜ በአገሩ ቋንቋ «አባባ» እንደማለት ነው።

በፈረንጆቹ 2022 ተፈቀደ። የተፈቀደው ግን ለሙከራ ነው፤ ለአንድ ሰው ብቻ። የበጀት ዓመቱ በጁን መጨረሻ ከመዘጋቱ በፊት ራሱ ቀርቦ የሚያመለክት ብቁ ሰው ካልተገኘ፣ ደረጃው ለሁሉም ይሰረዛል ተባለ። ብቁ ሆነው የተገኙት ሁለት ብቻ ናቸው፦ ጋሽ ዲሪባና እሳቸው ራሳቸው ሥራውን ያስተማሩት ሙጋቢ የሚባል የአገሬው ሰው።

የመጨረሻው ቀን ነገ ሊሆን፣ እትዬ ቦጋለች ደወሉልኝ። «ወንድሜ፣ በፈጠረህ ድረስልኝ። ሁለት ጨዋ ተፋጦብኛል።»

ቤታቸው ስደርስ ለሁለቱ ምሳ ቀርቦላቸዋል፤ የሙዝ ገንፎው ማቶኬ በርዷል፤ መጀመሪያ የሚቆርስ ጠፍቷል።

«ሙጋቢ ያመልክት። ወጣት ነው፣ ገና ብዙ ይሠራል» ይላሉ ጋሽ ዲሪባ።

«ሙዜ ቁጭ ብለው እኔ? ያስተማረውን ሰው ረግጦ አለፈ ይበሉኝ?»

«እኔ ፈቅጄልህ!»

«ቢፈቅዱም!»

«ኧረ በሞቴ!»

ከጋሽ ዲሪባ ጋር የሠራ ሰው ሌላ አማርኛ ባያውቅ ይህችን ቃል አያጣትም። ሙጋቢ ሳያመነታ «በሞቴ፣ ሙዜ!» ብሎ መለሰላቸው።

እኔም እንደ ብልህ ሰው «ሁለታችሁም አመልክቱና እነሱ ይምረጡ» አልኩ። ሁለቱም ድንጋይ የወረወርኩባቸው ያህል አዩኝ።

«ከዚህ ልጅ ጋር እንድጋፋ ነው የሚመክሩኝ?» አሉኝ ጋሽ ዲሪባ፣ ቅር ብሏቸው።

እትዬ ቦጋለች እስከዚያ ድረስ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ወንበር ስበው ከባላቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ዲሪባ፣ ስማኝ። አንተ ካልገባህ ይኼ ልጅ አይገባም። ደረጃው ከተሰረዘ ደግሞ ከእሱ በኋላ ያሉት የት ይገባሉ? አንተ እያሳለፍክ ይመስልሃል። መንገዱን ዘግተህ የቆምከው አንተ ነህ።»

«እኔ? ዘጋሁ?»

«ዘጋህ እንጂ!»

በሕይወታቸው ሌላ ብዙ ነገር ተብለው ይሆናል፤ ይህን ግን ማንም ብሏቸው አያውቅም። ወደ ሙጋቢ ዞረው፣ በቀስታ፣ «ነገ አብረኸኝ ትመጣለህ?» አሉት።

በማግስቱ ሁለቱን ወደ ኮሎሎ የነዳኋቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ቢነዱ የበጀት ዓመቱ መንገድ ላይ ይዘጋብን ነበር። ኮሪደሩ በባለጉዳይ ተሞልቷል። ኃላፊዋ ብቅ ብላ ለሲኒየር ቴክኒሻን የመጣ ሰው እንዳለ ጠየቀች። የጋሽ ዲሪባ እጅ ወደ ሙጋቢ ሊዘረጋ ጀምሮ ነበር፤ አየር ላይ ቆመና ተመልሶ ወረደ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ፣ ለሙጋቢም፣ ለእኔም፣ ለማያውቋቸው ባለጉዳዮችም ጎንበስ ብለው፤ «ዛሬስ ልቅደማችሁ።» ገቡ።

ሥራውን እንዳገኙ፣ ደረጃውም እንደጸና፣ ሙጋቢም ለሚቀጥለው ቦታ እንደታጨ በኋላ ሰማን። ከዚያ ቀን በዓይኔ የቀረው ግን ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ተጎራብተን፣ ሁልጊዜ እኔን ስለሚያስቀድሙ፣ የጋሽ ዲሪባን ጀርባ አይቼው አላውቅም ነበር። ለካ እንዲያ ሰፊ ኖሯል።